ከአንድ በላይ የሄፓታይተስ ቫይረስ ሲኖር፦ የትኛው ሕክምና ይቅደም፣ የትኛው ይከተል?

የምርመራው ወረቀት ላይ ሁለት ቦታ «ፖዘቲቭ» ተጽፎ ሲመጣ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው መድኃኒት ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፤ ትንሽ ቸኩሏል እንጂ። ከእሱ በፊት ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አሁን ጉበቱን እየጎዳ ያለው የትኛው ቫይረስ ነው? እሱ ሲጠፋስ ሌላኛው ዝም ይላል ወይስ ይነሳል?

እዚህ የማወዳድረው እነዚህን ምርጫዎች ነው። ቢ እና ሲ አብረው ያሉበት ሰው አለ። ቢ እና ዲ ያሉበት አለ። በዚያ ላይ ኤችአይቪ የተጨመረበትም አለ። ሁሉም «የጉበት ቫይረስ» ይባላሉ፣ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። የመጨረሻው ውሳኔ የእርስዎና የሐኪምዎ ነው። ምን ብለው እንደሚጠይቁ ግን ከዚህ ይዘው መሄድ ይችላሉ።

አለቃው ማን ነው?

ቫይረሶቹ አንድ ጉበት ውስጥ ሲገናኙ እኩል አይኖሩም። አንዱ ሌላውን ይጫነዋል። ቢ እና ሲ አብረው ሲኖሩ አብዛኛውን ጊዜ አለቃ የሚሆነው ሲ ነው። የሲ መጠን ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ይታያል። የቢ መጠን ደግሞ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይለካም። አንዳንድ ሰው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እየተፈራረቁ የሚነሱበት ሰውም አለ። ስለዚህ አንድ ቀን በተለካ የቫይረስ መጠን ብቻ «ይሄኛው ተኝቷል» ብሎ መደምደም አያዋጣም።

ዲ ከሁሉም ይለያል። ራሱን ችሎ መኖር አይችልም። የሚለብሰውን ሽፋን የሚወስደው ከቢ ስለሆነ፣ ቢ የሌለበትን ሰው ዲ አይይዘውም። ማሪዮ ሪዜቶ የተባለው ጣሊያናዊ ሐኪም በ1977 ከባልደረቦቹ ጋር ግኝቱን ይፋ ሲያደርግ፣ ነገሩ የቢ ቫይረስ አንድ ሌላ ክፍል ነበር የመሰለው። ራሱን የቻለ ቫይረስ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው።

ዲ ያለበት ሰው ላይም የቢ መጠን ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። «ቢ አለብህ፣ ግን ትንሽ ነው፣ አያሰጋም ተብያለሁ» ይላል። ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ግን በተለካ ቁጥር ከፍ እንዳለ ነው። የቢ መጠን ትንሽ ሆኖ ኢንዛይሙ ከፍ ካለ ሒሳቡ አልገጠመም ማለት ነው። የጉበት ስብ ሊሆን ይችላል፤ መጠጥ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ዲም ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ የጉበት ጥናት ማኅበር መመሪያ፣ የቢ ሰርፌስ አንቲጂን (ቢ አሁን ሰውነት ውስጥ እንዳለ የሚያሳየው የቫይረሱ ምልክት) የተገኘበት ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለዲ ይመርመር ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ምርመራ ብዙ ቦታ ይዘለላል። ካልታዘዘልዎ ራስዎ ይጠይቁ። መጀመሪያ የሚሠራው የዲ አንቲቦዲ ነው፤ ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራው ምልክት ማለት ነው። እሱ ፖዘቲቭ ከሆነ ቫይረሱ ራሱ አሁን ደም ውስጥ መኖሩን የሚያሳየው የዲ አርኤንኤ ይከተላል።

ዓመታት ሲያልፉ

ሥር የሰደደ ሲ ብቻውን ካለ፣ በ20 ዓመት ውስጥ ከ100 ሰው ከ15 እስከ 30 የሚሆነው ሲሮሲስ ላይ ይደርሳል። ሲሮሲስ ማለት ጠባሳው ጉበቱን ሞልቶ ቅርጹንም ሥራውንም ሲያበላሸው ነው። ከሲ የሚመጣው የጉበት ካንሰር በአብዛኛው ይህን ደረጃ ተከትሎ ይመጣል። ቢ ግን እንዲህ ተራ አይጠብቅም። የራሱን ዘረመል ከጉበት ሕዋስ ዘረመል ጋር ስለሚያጣብቅ፣ ሲሮሲስ በሌለበትም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።

ሁለቱ ሲደመሩ ጠባሳውም ካንሰሩም አንዱ ብቻውን ካለበት ሰው ይልቅ ቀድሞ የመምጣት ዕድሉ ይጨምራል። ኤችአይቪ ሲጨመር፣ በተለይ ሳይታከም ከቆየ፣ መንገዱ ይብስ ያጥራል።

ከሁሉም የከፋው ግን ቢ እና ዲ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሥር ከሰደዱት የቫይረስ ሄፓታይተሶች ሁሉ በጣም ከባዱ ብሎ የሚጠራው ይህንን ነው። ሌላው ሰው 20 እና 30 ዓመት የሚፈጅበትን መንገድ፣ ቢ እና ዲ ያለበት ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ሊጨርሰው ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። ቢ እና ዲ በአንድ ጊዜ የያዙት አዋቂ ሰው መጀመሪያ ላይ በጠና ሊታመም ይችላል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ይለቁታል። ቢ ቀድሞ በኖረበት ሰው ላይ ዲ ሲደረብ ግን በአብዛኛው አይለቅም። ስለዚህ «መቼ ያዘኝ?» የሚለው ጥያቄ ከንቱ አይደለም። የድሮ የምርመራ ወረቀት ካለዎት አይጣሉት።

ከመምረጥ በፊት፦ ጠባሳው የት ደርሷል?

ከዚህ በታች የማነሣው ምርጫ ሁሉ የሚንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው። ጠባሳውን ለመለካት ሦስት መንገድ አለ፦ ከተለመደ የደም ምርመራ የሚሰላ ቁጥር፣ የጉበቱን ጥንካሬ ከውጭ የሚለካው ፊብሮስካን የሚባለው መሣሪያ፣ እና ባዮፕሲ። ባዮፕሲ በመርፌ ቁራጭ ወስዶ ማየት ነው። ዛሬ የሚታዘዘው ሌሎቹ ሲጋጩ ወይም ሌላ በሽታ ሲጠረጠር ነው። ስለዚህ እሱን እንለፈው።

የስሌቱን ነገር በምሳሌ እንየው። የ46 ዓመት ሰው ነው እንበል። ኤኤስቲ (ሌላው የጉበት ኢንዛይም) 70፣ ኤኤልቲ 64፣ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) 140 ሺህ። ፊብ-4 የሚባለው ስሌት ዕድሜን በኤኤስቲ ያባዛል፤ 3220 ይሆናል። ከዚያ የኤኤልቲን ስኩዌር ሩት ይወስዳል፤ የ64 ስኩዌር ሩት 8 ነው። እሱን በፕላትሌቱ (በሺህ ሲቆጠር 140) ሲያባዛ 1120 ይመጣል። 3220 ለ1120 ሲካፈል 2.9 ገደማ ነው። ከ1.45 በታች ቢሆን ከባድ ጠባሳ የለም ብለን ትንሽ እንረጋጋ ነበር። ከ3.25 በላይ ቢሆን እንሰጋ ነበር። 2.9 መሃል ላይ ቁጭ ብሏል።

አሁን በዚያው ሰው አፕሪ የሚባለውን ሌላ ስሌት እንሥራ። ኤኤስቲውን ላብራቶሪው ለጤነኛ ሰው ለሚያስቀምጠው የላይኛ ወሰን ያካፍሉታል። ወሰኑ 40 ከሆነ 1.75 ይመጣል። በ100 አባዝተው ለ140 ሲያካፍሉት 1.25። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው የቢ መመሪያ፣ አዋቂ ሰው ላይ አፕሪ ከ0.5 ካለፈ ጉልህ ጠባሳ፣ ከ1 ካለፈ ሲሮሲስ ይጠረጠራል። እንግዲህ አንዱ ስሌት «መሃል ነህ» ሲል ሌላው «ሲሮሲስ ሳይሆን አይቀርም» አለ። ፊብሮስካን የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለ ሰው ነው። በዚያው መመሪያ ከ7 ኪሎፓስካል (የጉበት ጥንካሬ መለኪያ) በላይ ጉልህ ጠባሳ፣ ከ12.5 በላይ ሲሮሲስ ተብሎ ይያዛል።

ፊብሮስካንም ቢሆን ይሳሳታል። ምግብ በልተው ወዲያው ከተለኩ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ሳይበሉ ይሂዱ። ኤኤልቲ በጣም በተሰቀለበት ሰሞን የተለካም እንዲሁ ያጋንናል። ሆድ ውስጥ ውሃ ከተቋጠረ ደግሞ መሣሪያው ባግባቡ አይለካም። ያኔ ለነገሩ ሲሮሲሱ መለኪያም አያስፈልገው።

ቢ እና ሲ፦ አብሮ መከላከል ወይስ እየለኩ መጠበቅ?

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልሂድበት። ትልቁ ምርጫም ትልቁ ወጥመድም ያለው እዚሁ ነው።

ሲ ዛሬ የሚድን በሽታ ነው። ቫይረሱን በቀጥታ የሚመቱት እንክብሎች ከ100 ሰው ከ95 በላይ የሚሆነውን ያድናሉ። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲ ሲጠፋ ተጭኖት የነበረው ቢ ይለቀቃል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጥቅምት 2016 ላይ በእነዚህ መድኃኒቶች ሁሉ ላይ ከባዱን ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። በእጁ የነበረው ቢ የተነሣባቸው የ24 ሰዎች ሪፖርት ነው። ከእነሱ ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ ጉበት ተቀይሮለታል። አብዛኞቹ የታመሙት ሕክምናውን በጀመሩ በ4 እና በ8 ሳምንት መካከል ነው።

ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ አያስደነግጥም ይሉ ይሆናል። በኋላ፣ በ2018፣ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ነገሩ ጠራ። ሰርፌስ አንቲጂን ያለበት ሰው የሲን ሕክምና ሲወስድ፣ ከ100 ሰው በ24ቱ ላይ ቢ ተነሥቷል። ሰርፌስ አንቲጂን የሌለበትና የኮር አንቲቦዲ ብቻ የተገኘበት፣ ማለትም ድሮ ቢ ይዞት ያለፈለት ሰው ላይ ግን 1.4 ብቻ ነው። መነሣት ማለት ሁሌ መታመም አይደለም። የቫይረሱ መጠን ይጨምርና ኤኤልቲ ሳይነቃነቅ ሊያልፍ ይችላል። ቢሆንም ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ምክር አያስፈልጋቸውም።

ሰርፌስ አንቲጂን ፖዘቲቭ ከሆኑ ሦስት አማራጭ ይቀርብልዎታል። አንደኛው የቢን መድኃኒት ከሲው ጋር ጀምሮ፣ የሲው ሕክምና ካበቃ በኋላ ቢያንስ እስከ 12 ሳምንት መቀጠል ነው። ሁለተኛው የቢን መድኃኒት ሳይጀምሩ በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ደም እየሰጡ መጠበቅ ነው። የቢ ዲኤንኤ፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን፣ እና ኤኤልቲ ይለካሉ፤ ከተነሣ ያኔ ይጀመራል። ሦስተኛው የቢን መድኃኒት ጀምሮ ለረጅም ጊዜ መያዝ ነው።

እኔን ከጠየቁኝ፣ ሁለተኛው በወረቀት ላይ ያምራል እንጂ ለብዙ ሰው አይሆንም። ቀጠሮ ይዘለላል፤ ላብራቶሪው ሪኤጀንት አልቋል ይላል፤ ውጤቱ ወር ቆይቶ ይመጣል። ቢ ደግሞ ያን ሁሉ አይጠብቅም። በየወሩ ተለክተው ውጤቱን በሳምንት ውስጥ የሚያዩ ከሆነ፣ ጠባሳዎም ቀላል ከሆነ፣ ይቻላል። ካልሆነ አንደኛው ይሻላል።

አንደኛውም ቢሆን ነጻ አይደለም። የቢ መድኃኒት ሲቆም ቫይረሱ ተመልሶ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ካቆሙ በኋላም ለወራት ክትትል ያስፈልጋል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ደግሞ ከጀመረ ወዲያ ማቆም የለበትም፤ እንዲህ ያለ ጉበት አንድ መነሣት አይችልም። ለዚህ ነው ሦስተኛው አማራጭ ከጊዜ ወደ ጊዜ ሚዛን እየደፋ የመጣው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2024 መመሪያም፣ ቢ ያለበት ሰው ሲ፣ ዲ ወይም ኤችአይቪ ከተደረበበት፣ የቫይረሱ መጠንና ኤኤልቲ ምንም ይሁን ምን የቢ ሕክምና ይጀመርለት ይላል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ድሮ «ቁጥርህ አልደረሰም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ዛሬ ሄዶ እንደገና ቢጠይቅ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

የኮር አንቲቦዲ ብቻ ከሆነ የተገኘብዎት፣ መድኃኒት መጀመር አያስፈልግም። የሲን ሕክምና እየወሰዱ ኤኤልቲን መከታተል ይበቃል። ከወረደ በኋላ ተመልሶ ከወጣ ግን የቢ ዲኤንኤ ይለካ።

አንድ የማልቀበለው አማራጭ አለ። «ቢ እንዳይነሣብኝ ሲን ሳልታከም ልተወው» የሚል። ሲ ሲድን የካንሰሩም የጉበት ድካሙም ዕድል በእጅጉ ይቀንሳል። የቢውን አደጋ በአንድ እንክብል መያዝ እየተቻለ፣ ያን ጥቅም መጣል አይገባም።

ለሲ፦ የ12 ሳምንቱ ወይስ የ8 ሳምንቱ?

በስፋት የሚወዳደሩት ሁለት ናቸው። ሶፎስቡቪር ከቬልፓታስቪር ጋር በቀን አንድ እንክብል ለ12 ሳምንት ይወሰዳል፤ ከምግብ ጋርም ያለምግብም ይሆናል። ግሌካፕሬቪር ከፒብሬንታስቪር ጋር ደግሞ በቀን ሦስት እንክብል በአንድ ጊዜ ከምግብ ጋር ነው። ከዚህ በፊት ታክሞ ለማያውቅ ሰው በአብዛኛው 8 ሳምንት ይበቃዋል። በማዳን ብቃት ብዙ የሚበላለጡ አይደሉም። ሶፎስቡቪር ከዳክላታስቪር ጋርም በብዙ አገር የሚሰጥ ጥሩ አማራጭ ነው።

የሚለያያቸው የሰውየው ሁኔታ ነው። ጉበቱ ደክሞ ሆድ ውስጥ ውሃ ከተቋጠረ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ደም ካስታወከ፣ ግሌካፕሬቪር ያለበት አይሰጥም። የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ለደከመ ጉበት አደገኛ ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው የሚሄደው ወደ ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሪባቪሪን የሚባል ሌላ መድኃኒት ተጨምሮበት። በሌላ በኩል፣ አሚዮዳሮን የሚባለውን የልብ ምት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሶፎስቡቪር ከጨመረ ልቡ እስከ አደጋ ድረስ ሊዘገይ ይችላል። የጨጓራ መድኃኒቱ ኦሜፕራዞል ቬልፓታስቪር በሚገባ እንዳይዋሃድ ያደርጋል። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ ከሁሉም ጋር አይሄድም፤ መድኃኒቶቹን ከደም ውስጥ ጠርጎ ያወጣቸዋል። የሚውጡትን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ። የጨጓራውንም።

ለቢ፦ ሦስቱ እንክብሎች

ቴኖፎቪር ዲሶፕሮክሲል፣ ቴኖፎቪር አላፌናሚድ፣ ኤንቴካቪር። ሦስቱም ቫይረሱን አጥብቀው ይይዙታል፣ ግን አያጠፉትም። የቢ ዘረመል የጉበት ሕዋስ አስኳል ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ለዓመታት፣ አንዳንዱም ዕድሜ ልኩን የሚወስደው።

ዲሶፕሮክሲሉ የቆየ ነው፣ በስፋት ይገኛል፣ እርጉዝ ላይም ብዙ ልምድ አለ። ድካሙ ኩላሊትና አጥንት ላይ ነው። አላፌናሚዱ በዚህ ይሻላል፤ ዕድሜው ለገፋ፣ ኩላሊቱ ትንሽ ለደከመ፣ አጥንቱ ለሳሳ ሰው የተመቸ ነው። ኤንቴካቪርም ለኩላሊት አይከብድም። በባዶ ሆድ መወሰድ አለበት፤ ከምግብ ቢያንስ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከሚቀጥለው ምግብም ቢያንስ ሁለት ሰዓት በፊት። ድሮ ላሚቩዲን ወስዶ የሚያውቅ ሰው ግን ኤንቴካቪርን ባይመርጥ ይሻላል፤ ቫይረሱ ቀድሞ የተለማመደበት መንገድ ስለሆነ በቀላሉ ያመልጣል። ላሚቩዲንን ብቻውን ለቢ መውሰድ ደግሞ ያለፈበት ነገር ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ከ100 ሰው 70 ገደማ ላይ ቫይረሱ ይለምደዋል።

ቢ እና ሲን አብሮ ለሚታከም ሰው አንድ ጥቃቅን የምትመስል ግን ቁም ነገር የሆነች ጉዳይ አለች። ቬልፓታስቪር ደም ውስጥ ያለውን የዲሶፕሮክሲል ቴኖፎቪር መጠን ከፍ ያደርጋል። ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው 12 ሳምንቱ በክትትል ያልፋል። ኩላሊቱ ለሚያሰጋው ግን አላፌናሚዱን ወይም ኤንቴካቪርን መምረጥ ይሻላል።

ለዲ፦ ምርጫው ጠባብ ነው

የቢ እንክብሎች ዲን በቀጥታ አይነኩትም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የቢው ዲኤንኤ «አልታየም» ተብሎ ዲው ሥራውን ሊቀጥል ይችላል።

አሮጌው አማራጭ ፔግ ኢንተርፌሮን ነው። በሳምንት አንድ መርፌ ለ48 ሳምንት። መርፌው ካቆመ ከስድስት ወር በኋላ ዲ የማይታይበት ሰው ከአራት አንድ ገደማ ነው። ከእነሱም ዓመታት ቆይቶ የሚመለስባቸው ጥቂት አይደሉም። ትኩሳት፣ ድካም፣ የደም ሴሎች መቀነስ ያመጣል። ከሁሉ በላይ መንፈስን ይጫናል። ከባድ ድብርት ያለበት ሰው፣ ወይም ጉበቱ የደከመ ሰው፣ አይወስደውም።

አዲሱ ቡሌቪርታይድ ነው። አውሮፓ በ2020 በቅድመ ሁኔታ፣ በ2023 ሙሉ በሙሉ ፈቅዶታል። ቫይረሱ ወደ ጉበት ሕዋስ የሚገባበትን በር ይዘጋል። በየቀኑ 2 ሚሊግራም፣ ሰውየው ራሱ ቆዳው ሥር የሚወጋው መርፌ ነው። በዋናው ጥናት ላይ በ48 ሳምንት ከ100 ሰው 45 ያህሉ ላይ ቫይረሱ በጣም ወርዶ ኤኤልቲም ተስተካክሏል፤ መድኃኒቱን ገና ባልጀመሩት ላይ ይህ የታየው በ2 ብቻ ነው። ግን ልብ ይበሉ፤ ቫይረሱ ጭራሽ የጠፋባቸው 12 ገደማ ናቸው። ስለዚህ ቡሌቪርታይድ ማብረጃ እንጂ ማዳኛ አድርጌ አላየውም። መቼ እንደሚቆምም የተቆረጠ ጊዜ የለም።

ሁለቱን አብሮ መስጠት ሦስተኛው አማራጭ ነው። በ2024 በወጣ ጥናት 10 ሚሊግራም ቡሌቪርታይድ ከኢንተርፌሮን ጋር ከወሰዱት 46 በመቶው ላይ፣ ሕክምናው ካቆመ ከ24 ሳምንት በኋላ ዲ አልታየም። ኢንተርፌሮን ብቻውን 17 በመቶ፣ ቡሌቪርታይዱ ብቻውን 12 በመቶ ነበር። እንዲህ ስመዝነው፣ ሰውነቱ ጠንካራ፣ ጉበቱ ያልደከመ፣ አንድ ዓመት መቻል የሚችል ሰው «ጨርሶ ልላቀቀው» የሚል ከሆነ ጥምረቱ ይሻለዋል። ኢንተርፌሮንን የማይችል ሰው ቡሌቪርታይድ ብቻውን ይሂድ። ቡሌቪርታይድ ጨርሶ በማይገኝበት ቦታ ደግሞ ኢንተርፌሮን አሁንም ዋጋ አለው። ጉበቱ የደከመ ሰው ከሁለቱም ይልቅ የሚያስፈልገው ለጉበት ንቅለ ተከላ መገምገም ነው። ዲ ያለባቸው ሰዎች ከንቅለ ተከላ በኋላ ቢን በመከላከል ጥሩ ውጤት ያገኛሉ፤ ቢ ካልተመለሰ ዲም አይመለስም።

ኤችአይቪ ሲጨመር

እዚህ ምርጫው ቀላል ነው፤ ወጥመዱ ግን አንድ አለ። ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር ያለበት የተለመደው እንክብል ኤችአይቪንም ቢንም አብሮ ይይዛል። ወጥመዱ የሚመጣው መድኃኒት ሲቀየር ነው። ዶሉቴግራቪርና ላሚቩዲን ብቻ ያለበት ባለሁለቱ እንክብል ለቢ አይበቃም። በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ የሚወጋው ካቦቴግራቪርና ሪልፒቪሪን ደግሞ ቢን አይነካውም። «ቀለል ያለ መድኃኒት መጣ» ሲባሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ቴኖፎቪር አለበት? ከሌለው ለቢው ሌላ ነገር ሳይታሰብ አይቀይሩ። ኤንቴካቪርንም ኤችአይቪ ያለበት ሰው የተሟላ የኤችአይቪ ሕክምና ሳይዝ ብቻውን መውሰድ የለበትም፤ ኤችአይቪው መድኃኒት እንዲለምድ ያደርጋል።

ከሕክምናው በኋላ

የሲ ሕክምና ካበቃ ከ12 ሳምንት በኋላ አርኤንኤ ካልታየ ድነዋል። አንቲቦዲው ግን ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል። ዓመታት ቆይቶ አንድ ላብራቶሪ «ሲ አለብዎ» ሊልዎ ይችላል። አይደንግጡ፤ አርኤንኤ ይሠራልኝ ይበሉ። አንቲቦዲው ግን አይከላከልም፤ ሲ እንደገና ሊይዝ ይችላል።

ሲሮሲስ ደርሶ ከነበረ ሲ ቢድንም አልትራሳውንዱ አይቆምም። በየስድስት ወሩ ነው። አንዳንድ ሐኪም ኤኤፍፒ የሚባለውን የደም ምርመራ ይጨምርበታል። ሁለቱ አብረው ትናንሽ ካንሰሮችን በተሻለ ያገኛሉ፤ በሌላ በኩል ኤኤፍፒ ብዙ ጊዜ በከንቱ ያስደነግጣል። ቢ ሳይታከም ቆይቶ ኤኤልቲ ከፍ ባለበት ሰው ላይ ያለ ካንሰር ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ቢው በመድኃኒት ከተያዘ በኋላ ግን ቁጥሩ የበለጠ ይታመናል። እንግዲህ ኤኤፍፒን ከአልትራሳውንድ ጋር ይጨምሩት፣ በአልትራሳውንድ ፈንታ ግን አይቀበሉት። ሲሮሲስ የሌለበት የቢ ሰው ክትትሉ የሚወሰነው በዕድሜው፣ በቤተሰቡ የካንሰር ታሪክና በጠባሳው መጠን ነው። ዲ ወይም ኤችአይቪ የተደረበበት ሰው ላይ ሐኪሙ ቀደም ብሎ እንዲጀምር ይጠይቁ።

መጠጥ ላይ ብዙ አልልም፤ ሁለት ቫይረስ ላለበት ጉበት ልኩ ዜሮ ነው። ቡና ግን አይከለከልም፤ እንዲያውም ቡና የሚጠጡ ሰዎች ላይ ጠባሳው ቀለል ብሎ ታይቷል። ፓራሲታሞል ሲሮሲስ ያለበት ሰው በቀን ከ2 ግራም አያሳልፍ። ለሕመም ብሎ ወደ አይቡፕሮፌን መሸሽ ደግሞ ለኩላሊቱም ለደም መፍሰሱም የከፋ ነው። የሄፓታይተስ ኤ ክትባት ይውሰዱ፤ ቀድሞ በታመመ ጉበት ላይ ኤ ሲደረብ ክፉኛ ይበረታል። አብረዎት የሚኖሩት ደግሞ ተመርምረው ነጻ ከሆኑ የቢን ክትባት ይውሰዱ። ከቢ የተከተበ ሰው ከዲም ተከትቧል። ለሲ ግን ክትባት የለም፤ ምላጭ፣ መርፌና የጥርስ ብሩሽ ለየራስ ይሁን።